ህድሞ፦ የሰሜን ደጋ ገበሬ የድንጋይ ቤት

ህድሞ በትግራይና በኤርትራ ደጋማ አካባቢዎች፣ በተለይም በአጋመ፣ በእንደርታ፣ በአካለ ጉዛይ፣ በሐማሴንና በሰራየ፣ ገበሬው ከነቤተሰቡና ከነእህሉ ሲኖርበት የቆየ፣ ጠፍጣፋ የአፈር ጣሪያ የተደፋበት ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤት ነው። ዓይን የሚስበው የግድግዳው ድንጋይ ቢሆንም፣ የቤቱን መጠንና ዕድሜ፣ ኋላም የመጥፋቱን ነገር የወሰነው እንጨት ነው።

በአካባቢው የድንጋይ ግንባታ ታሪክ ረጅም ነው። ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፍራንሲስ አንፍሬ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በቆፈረው ዱንጉር በሚባለው የአክሱም መኳንንት መኖሪያ ፍርስራሽ፣ ከፍ ባለ መሠረት ላይ የቆመው ዋና ቤት በአደባባዮችና በተጓዳኝ ክፍሎች ተከቦ ይታያል። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ድንጋይና አግዳሚ እንጨት እየተፈራረቁ ተገንብተዋል። ከዚህ ተነስቶ የገበሬውን ህድሞ በቀጥታ የአክሱም መኳንንት ቤት ወራሽ ማድረግ ችኮላ ነው፤ በመካከሉ ያሉት ዘመናት ስለ ተራው ሰው ቤት የሚነግሩን እጅግ ጥቂት ነው። በ1898 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1906) በኤኖ ሊትማን መሪነት የመጣው የጀርመን የአክሱም ጉዞ ቡድን ግን ከሐውልቶቹና ከአብያተ ክርስቲያናቱ ሌላ የሰሜኑን መኖሪያ ቤቶች ጭምር መዝግቧል።

ግንበኛው ድንጋዩን በጭቃ እያያያዘ፣ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሜትር የሚበልጥ ውፍረት ያለው ግድግዳ ያቆማል። መስኮቱ ትንሽና ጥቂት ነው። ቀን ፀሐዩ፣ ሌሊት ቁሩ በሚበረታበት ደጋ ይህ ወፍራም ግድግዳ የውስጡን አየር ያመዛዝናል፤ በሽፍታና በጦርነት ዘመንም ለቤተሰቡ መከታ ነበር። ጣሪያው የሚያርፈው ግን በግድግዳው ላይ ብቻ አይደለም። በቤቱ ውስጥ የሚተከሉት ባለ ባላ ምሰሶዎች ከባድ ተሸካሚ እንጨቶችን ይይዛሉ፤ በእነዚያ ላይ ቀጫጭን እንጨት በጥብቅ ይረበረባል፣ ቅጠልና ጭራሮ ይነጠፋል፣ በመጨረሻም አፈር ተደፍቶ ይጠቀጠቃል። ለዚህ ሸክም የሚመረጠው ወይራና ጥድ ነው። የምድጃው ጭስ እንጨቱን እያጠቆረ ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የጣሪያውን አፈር መጠገንና ውኃው በአሸንዳ እንዲወርድ ማድረግ የግድ ነው፤ ያልተጠገነ ጣሪያ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ከዚያም ይናዳል። ዝናቡ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ተጠቃሎ ባይጥል ኖሮ እንዲህ ያለ ጣሪያ ባልዘለቀ ነበር።

ከፊት ለፊት በምሰሶ የተደገፈው በረንዳ በትግርኛ ገበላ ይባላል። ከእሱ የሚገባበት ሰፊው ክፍል መድረ ቤት፣ እንግዳ የሚቀመጥበትና የቤቱ አብዛኛው ኑሮ የሚካሄድበት ነው፤ በግድግዳው ሥር ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ መደብ አለው። ወደ ውስጥ ያለው ውሻጠ ግን የቤተሰቡ ነው፤ በአብዛኛው ምግብ የሚበስለውና ንብረት የሚቀመጠው እዚያ ነው። ግቢውን የድንጋይ አጥር ይዞረዋል፤ ከብቶቹም ደምበ በሚባለው በረት ያድራሉ። ግንባታው ጉልበት ስለሚጠይቅ መንደሩ በወፈራ፣ ማለትም በደቦ፣ ይተጋገዝ ነበር።

እንዲህ ያለ ድካም የሚገባው ለሚዘልቅ ቤት ነው። ድየሳ በሚባለው ሥርዓት የሚተዳደሩ የኤርትራ ደጋ መንደሮች የእርሻ መሬታቸውን በየተወሰኑ ዓመታት እንደገና ሲከፋፈሉ፣ የመኖሪያው ቦታ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቆይ ነበር። ዛሬ የታረሰው እርሻ ነገ የሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ ገበሬው ሀብቱን በቤቱ ላይ ማዋሉ አይገርምም፤ ሰፊ ገበላና ወፋፍራም ምሰሶዎችም የባለጸግነት ምልክት ነበሩ።

አንድ ህድሞ የሚፈጀው እንጨት ብዙ ነው። የወይራውና የጥዱ ደን እየመነመነ ሲሄድ፣ ለአፈር ጣሪያ የሚበቃ ተሸካሚ ማግኘት በጣም ተወደደ፤ ቆርቆሮ በቀጫጭን የባሕር ዛፍ ማገር ላይ ሲመታ ግን ከዚያ እንጨት ጥቂቱን ብቻ ይፈልጋል፣ ዓመታዊ ጥገናውም ይቀራል። በመሆኑም በብዙ መንደሮች አሮጌው የድንጋይ ግድግዳ እንዳለ ቆሞ ጣሪያው በቆርቆሮ ተተክቷል። ነዋሪው እፎይ ቢልም ቤቱ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። በገርዓልታ አካባቢ የተሠሩ አንዳንድ የእንግዳ ማረፊያዎች የህድሞን የድንጋይ ግንብ መልሰው ተጠቅመዋል።