የእንግሊዝ የበርሜል ፔል ኤል፦ እንዴት ይቀመሳል፣ እንዴትስ ይዳኛል?

እንግሊዝ አገር ፐብ (መጠጥ ቤት) ሲገቡ ባንኮኒው ላይ ረጃጅም እጀታዎች ተደርድረው ያያሉ። አስተናጋጇ እጀታውን ወደ ራሷ ስትስበው ምድር ቤት የተቀመጠው ቢራ በቱቦ ወጥቶ ብርጭቆው ውስጥ ይወርዳል። የሚገፋው ጋዝ የለም፤ የክንድ ጉልበት ብቻ ነው። ጆሴፍ ብራማ የተባለው እንግሊዛዊ የፈጠራ ሰው ለእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1797 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

በዚህ መንገድ የሚቀዳው ቢራ ካስክ ኤል ይባላል፤ ካስክ በርሜል ማለት ነው፣ ኤል ደግሞ የቢራ ዓይነት። ከነዚህ ውስጥ ስመ ጥሩ ፔል ኤል ነው፤ ፐብ ውስጥ ብዙ ጊዜ "ቢተር" ብለው ያዙታል። ቀለሙ ከወርቅ እስከ መዳብ ይደርሳል። አልኮሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 5 በመቶ ነው። ይህን ቢራ መዳኘት ግን ጠርሙስ ከፍቶ ነጥብ እንደመስጠት ቀላል አይደለም። ቢራው ከፋብሪካ ሲወጣ ገና አላለቀለትም፤ የመጨረሻውን ሥራ የሚሠራው ፐቡ ነው። ስለዚህ አንድ ብርጭቆ የቀመሰ ዳኛ የሁለት ሰው ሥራ ነው የቀመሰው፦ የጠማቂውንና ምድር ቤቱን የሚጠብቀውን። ፈተናውም ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየቱ ላይ ነው።

ጠላ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። እርሾው በሕይወት አለ፣ ዝቃጩ ከሥር አለ፣ አየር ሲገባበት ደግሞ ይኮመጥጣል። ካስክ ኤል በማጣሪያ አያልፍም፤ እርሾውን ለመግደል ተብሎም አይሞቅም። እርሾው የቀረችውን ስኳር እየበላ በርሜሉ ውስጥ ሁለተኛ ዙር ያፈላዋል፤ ጋዙም ከዚያው ይመጣል። መጠኑ ግን ትንሽ ነው። እኛ ድራፍት ብለን ከምናውቀው ቢራ ጋዝ ግማሹን እንኳ አይሞላም። የተለመደው በርሜል ፈርኪን ይባላል፤ 9 ጋሎን ወይም ወደ 41 ሊትር ይይዛል። በእንግሊዝ መለኪያ 72 ፓይንት መሆኑ ነው፤ ከሥር የሚቀረው ዝቃጭ ሳይቀነስ።

ምድር ቤት የሚሆነውን ማየት ደስ ይላል። በርሜሉ እንደደረሰ በጎኑ ይጋደምና እንዳይነቃነቅ በሽብልቅ ይደገፋል። ከላይ ባለው መክደኛ ላይ ስፓይል የሚሉትን ትንሽ የእንጨት ሹል በመዶሻ ይመቱበታል። መጀመሪያ የሚገባው ጋዝ የሚያስተነፍሰው ለስላሳ እንጨት ነው። ወዲያው በሹሉ ዙሪያ አረፋ ይንተከተካል። ኃላፊው አረፋውን ይጠርግና ቆሞ ይጠብቃል። በሰከንዶች ውስጥ ተመልሶ ግንፍል ካለ ቢራው ገና እየፈላ ነው። ዘግይቶ፣ ትንሽ ትንሽ እያለ ከመጣ ግን ደርሷል ማለት ነው። ያኔ ጠንካራው ሹል ይገባና የቀረው ጋዝ ይታገዳል። የቸኮለ ሰው አረፋ ብቻ የሚተፋ ቢራ ይቀዳል። የዘገየ ሰው ደግሞ ሙት ቢራ ያቀርባል።

በዚህ ረገድ ስሙ የሚነሳው ላንድሎርድ የሚባለው ፔል ኤል ነው። ቲሞቲ ቴይለር የተባለው ጠማቂ ዮርክሻየር ውስጥ ኪትሊ ከተማ ያመርተዋል። ብቅሉ ጎልደን ፕሮሚስ ከሚባል ገብስ ነው። በ1982፣ በ1983፣ በ1994 እና በ1999 የብሪታንያ ሻምፒዮን ቢራ ተብሏል። ጋዙ ኃይለኛ ስለሆነ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። አንድ ፐብ ውስጥ "ዋንጫ የበላው ይሄ ነው?" የሚያሰኝ፣ ሌላው ፐብ ውስጥ ደግሞ አንደበት የሚያሳጣ ላንድሎርድ ቢያጋጥምዎ አይግረምዎ። ጠማቂው ያው ነው፤ ምድር ቤቱ ነው የተለየው።

የሙቀቱ ነገር ለእንግዳ ሰው መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል። በረዶ የመሰለ ቢራ የለመደ ሰው "ሞቀ" ብሎ ያማርራል። አልሞቀም፤ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው መሆን ያለበት። በጣም ሲቀዘቅዝ መዓዛው ይደበቃል። በርሜሉ መቀዳት ከጀመረ በኋላ ደግሞ ጊዜ የለም። በወጣው ቢራ ቦታ አየር ስለሚገባ ሦስት ቀን ካለፈው ጣዕሙ መውደቅ ይጀምራል። ገበያ የሌለው ፐብ ስምንት እጀታ ደርድሮ ካዩ ብዙ አይመኑት። ሁለት እጀታ ኖሮት ሞቅ ያለ ገበያ ያለው ይሻላል።

አሁን ብርጭቆው ይምጣ። መጀመሪያ ወደ ብርሃን ከፍ ይደረጋል። በተለምዶ ጥርት ያለ መሆን አለበት። ብዙ ጠማቂዎች እርሾው ቶሎ እንዲዘቅጥ ከዓሣ የአየር ፊኛ የሚሠራ ማጥሪያ ይጨምራሉ። ሥጋና ዓሣ የማይበሉ ሰዎች ስለ ካስክ ኤል አስቀድመው የሚጠይቁትም ለዚህ ነው። ቀጥሎ ሽታው ነው። ጥሩ ፔል ኤል ብስኩትና የተጠበሰ ዳቦ የሚያስታውስ የብቅል ጠረን አለው። ከላዩ የሆፕ፣ ማለትም ለቢራ እንደ ጌሾ ምሬት የሚሰጠው አበባ፣ ሽታ ይመጣል። ጎልድንግስ እና ፈግል የሚባሉት የእንግሊዝ ሆፖች አፈርማ፣ የአበባና የቅጠል ሽታ ነው ያላቸው፤ እንደ አሜሪካኖቹ ሆፕ ማንጎና ግሬፕፍሩት አይሉም። እርሾውም የራሱን ያዋጣል። የለንደኑ ፉለርስ እርሾ የብርቱካን ማርማላታ ቃና በመስጠት ይታወቃል።

በርተን አፖን ትሬንት ከተማ ከተጠመቀ ቢራ የተጫረ ክብሪት ሽታ ሊመጣ ይችላል። እንዳይደነግጡ። የከተማዋ ውኃ ጀሶ ከሚሠራበት ማዕድን ውስጥ ያልፋል፤ የድኝ ጠረኑ ከዚያ ነው፤ ትንሽ ቆይቶም ይጠፋል። ይኸው ውኃ የሆፑን ምሬት ደረቅና ጥርት ያለ ያደርገዋል። በርተንን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፔል ኤል መዲና ያደረጋትም እሱ ነው። የከተማዋ ባስ ቢራ ቀይ ሦስት ማዕዘን በ1876 የብሪታንያ የመጀመሪያው የተመዘገበ የንግድ ምልክት ሆኗል። ሌሎች ከተሞች ያሉ ጠማቂዎች ዛሬም ውኃቸው ላይ ማዕድን እየጨመሩ የበርተንን ውኃ ለመምሰል ይሞክራሉ።

ሲጠጣ ሞላ አድርጎ መጎንጨት ነው። የወይን ቀማሾች ይተፉታል፤ የቢራ ዳኞች ግን ይውጡታል። ምሬቱ ጉሮሮ ጋ ደርሶ ምን ያህል እንደሚቆይ ማወቅ አለባቸውና። የሚፈለገው ሚዛን ነው። ብቅሉ ፊት ይመጣል፣ ምሬቱ ይከተላል፣ መጨረሻው ደረቅ ብሎ ሌላ ጉንጭ ያስመኛል።

ጥፋቱስ? ኮምጣጤ የሚል ቢራ ብዙ ጊዜ የፐቡ ጣጣ ነው፤ በርሜሉ ሰንብቷል ወይም ቱቦው አልታጠበም። ቱቦ በየሳምንቱ መታጠብ አለበት። አረንጓዴ ፖም የሚል ቢራ ሳይበስል የወጣ ነው፤ ለጠማቂው ይጻፍበት። እርጥብ ካርቶን ከሸተተ አርጅቷል። የቅቤ ጠረን ግን ያከራክራል። በአብዛኛው እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ቀርቶ ነው፤ ነገር ግን ከቆሸሸ ቱቦም ሊመጣ ይችላል። በዚያ ላይ አንዳንድ የእንግሊዝ ኤሎች ትንሽ የቅቤ ቃና ቢኖራቸው ማንም አይከፋም። እዚህ ላይ ልምድ ያለው ዳኛ እንኳ ፍርዱን ያዘገያል።

ነጥብ አሰጣጡ እንደ ዳኛው ዓላማ ይለያያል። በ1971 የተመሠረተው የካስክ ኤል ተሟጋች ማኅበር ካምራ አባላቱ ከ0 እስከ 5 እንዲሰጡ ያደርጋል። 0 የማይጠጣ ነው፤ 5 ደግሞ እንከን የለሽ። የሚለካው ቢራው በዚያ ፐብ፣ በዚያ ቀን እንዴት እንደቀረበ ነው። ዓይነቱን ባይወዱትም በጥሩ ሁኔታ ከቀረበ ነጥቡ ይገባዋል። አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው የቢራ ዳኞች ማረጋገጫ ፕሮግራም በበኩሉ ከ50 ያርማል፦ ለጣዕም 20፣ ለመዓዛ 12፣ ለአጠቃላይ ስሜት 10፣ አፍ ውስጥ ለሚሰማው ነገር 5፣ ለመልክ 3። እዚያ ጥያቄው ቢራው ዓይነቱን ይመስላል ወይ ነው። ላንድሎርድ ያሸነፈበት የብሪታንያ ሻምፒዮን ቢራ ውድድር የመጨረሻ ዙር ደግሞ ስሙ ተደብቆ ነው የሚቀመሰው።

ለኔ የውድድር ጠረጴዛ ለዚህ ቢራ ብዙም አይመቸውም። ትንንሽ ጉንጭ እየተቀመሰ ሲታለፍ ኃይለኛውና ጮክ ያለው ቢራ ጎልቶ ይወጣል። የፔል ኤል ጥሩነት ግን ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ነው የሚታወቀው፤ አይሰለችም።

አረፋም ያጣላል። በሰሜን እንግሊዝ የቧንቧው ጫፍ ላይ ደቃቅ ቀዳዳ ያላት ስፓርክለር የምትባል ነገር ይገጥማሉ። ቢራው በሷ ተጨምቆ ሲወጣ ወፍራም፣ ክሬም የመሰለ አረፋ ይሠራል፤ ምሬቱም ይለዝባል። ደቡቦቹ "ቢራውን ትገድለዋለች" ብለው አይፈልጓትም። ሰሜኖቹ ያለሷ የተቀዳውን የሳሙና ውኃ ነው ይሉታል። ዳኛ ነጥብ ከመስጠቱ በፊት መኖር አለመኖሯን ቢያይ ጥሩ ነው።

ድፍርስነትም እንደ ድሮው ወዲያው አያስፈርድም። የዓሣውን ማጥሪያ የተዉ ጠማቂዎች በዝተዋል፤ የነሱ ቢራ ሆን ተብሎ ደብዘዝ ያለ ነው። ድፍርስ ሆኖ የሚኮመጥጥ ወይም እርሾ እርሾ የሚልዎት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይመልሱት። ጨርሰው ሳይሆን አንድ ሁለት ጉንጭ እንደቀመሱ፣ ድምፅ ሳያሰሙ። ደህና ፐብ ሳይከራከር ይቀይርልዎታል። በርሜሉ ሲፈተሽ እውነትም ተበላሽቶ ከተገኘ፣ እጀታው ላይ ያለችው የቢራው ስም ሰሌዳ ፊቷ ወደ ኋላ ይዞራል፤ "ከዚህ አንቀዳም" ማለት ነው።