ሦስቱ መዘግየቶች ምንድን ናቸው?

በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች አብዛኞቹ የሚሞቱት መድኃኒት ባልተገኘለት ሕመም አይደለም። የደም መፍሰስ፣ የደም ግፊት፣ የተራዘመ ምጥ፣ ኢንፌክሽን፤ ሁሉም በጊዜ ከተደረሰባቸው ይታከማሉ። ችግሩ ያ «በጊዜ» የሚለው ነው፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ ሕክምና ካላገኘ በሁለት ሰዓት ገደማ ሊገድል ይችላል። ሰሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ እነዚህ ሰዓቶች የሚባክኑባቸውን ሦስት ቦታዎች ለዩ፤ «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ነው፤ «ትሂድ ወይስ ትቆይ?» እየተባለ ሲመከር። ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው፤ መኪና ሲፈለግ፣ ወይም እናቲቱን በቃሬዛ ተሸክሞ ጥርጊያው ድረስ ሲኬድ። ሦስተኛው ጤና ተቋም ከተደረሰ በኋላ ነው፤ ባለሙያ፣ ደም ወይም ኦክስጅን ሲጠበቅ።

ወረርሽኝ ሲመጣ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይረዝማሉ።

ቤት ውስጥ የሚቀድመው ፍርሃት ነው። «ውሰዷት» ትል የነበረች አማት «በሽታውን እዚያ ትሸምታለች» ማለት ትጀምራለች፤ ፍርሃቷም ሙሉ በሙሉ መሠረት የለሽ አይደለም፤ ነገር ግን ቤት መቅረቱም ይገድላል። በሴራሊዮን በኢቦላ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 እና 2015፣ እናቶች ከጤና ተቋማት በመራቃቸው ወደ 3,600 የሚጠጋ ተጨማሪ የእናቶች፣ የጨቅላ ሕፃናትና ሞተው የተወለዱ ልጆች ሞት እንደደረሰ ተገምቷል። ይህም በዚያች አገር ኢቦላ ራሱ ከገደላቸው ሰዎች ቁጥር ጋር ይቀራረባል።

መንገዱን ደግሞ በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ መንግሥታት ራሳቸው ዘጉት። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2020 የመጋቢት ወር መጨረሻ የሕዝብ ትራንስፖርትን፣ ቀጥሎም የግል መኪናን ስታግድ፣ ምጥ የያዛት ሴት እንኳ ለመጓዝ የዲስትሪክቱን የመንግሥት ተወካይ ፈቃድ እንድታገኝ ይጠበቅባት ነበር። ምጥ ማኅተም እስኪመታ የሚጠብቅ ይመስል! ጩኸቱ ሲበዛ ነፍሰ ጡሮች ያለ ፈቃድ እንዲጓዙ በሚያዝያ ተፈቀደ። ኬንያ ውስጥ የሰዓት እላፊው ከምሽቱ 1 ሰዓት ይጀምር ስለነበር፣ ጀሚማ ካሪዩኪ የተባለች የናይሮቢ ሐኪም ምጥ የያዛቸውን በነጻ የሚያጓጉዝ አገልግሎት አቋቋመች። በእኛም አገር ታክሲና አውቶቡስ ግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭኑ ሲታዘዝ ታሪፉ እጥፍ ሆነ፤ ለቅድመ ወሊድ ክትትል መመላለስ ላለባት የቀን ሠራተኛ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

ሦስተኛው መዘግየት ከውጭ አይታይም፤ እናቲቱ «ደርሳለች» ተብሎ ጉዳዩ ይዘጋልና። ስለዚህ በኔፓል ዘጠኝ ሆስፒታሎች የተደረገውን ጥናት ልብ ማለት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2020 እንቅስቃሴ ሲገደብ በእነዚህ ሆስፒታሎች የሚወልዱ እናቶች በግማሽ ያህል ቀነሱ። ሰው ሲቀንስ እንክብካቤው ይሻሻላል ብሎ መጠበቅ ይቻል ነበር። ነገር ግን የጨቅላ ሕፃናት ሞት በ1,000 ሕያው ወሊድ ከ13 ወደ 40 አሻቀበ፤ ሞቶ መወለድም በ1,000 ከ14 ወደ 21። ከፊሉ ጭማሪ ብዙ ተጎድተው የደረሱት እናቶች ድርሻ በመብዛቱ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ጥናቱ አንድ ሌላ ነገርም መዝግቧል፦ ባለሙያዎች እጃቸውን ከቀድሞው የበለጠ ይታጠቡ ነበር፤ በምጥ ወቅት የፅንሱን የልብ ምት መከታተል ግን ቀንሷል።

በብዙ አገሮች አስታማሚ ከማዋለጃ ክፍል የተከለከለውም በዚህ ወቅት ነው። ክልከላው ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው እናቲቱን ብቸኛ ስላደረጋት ነው፤ እውነት ነው፣ ግን ጉዳቱ ከዚያ ያልፋል። አንዲት አዋላጅ ነርስ ብዙ ምጥ በምትከታተልበት ክፍል ውስጥ «ደሙ አልቆመም፣ ኑ!» የሚለው፣ መድኃኒት ከውጭ ገዝቶ የሚመጣው፣ ደም ሲፈለግ የሚሮጠው አብሮ የገባው ዘመድ ነው። እሱን በር ላይ ማስቀረት ሦስተኛውን መዘግየት ማራዘም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በወረርሽኙም ወቅት፣ እናቲቱ ኮቪድ ቢኖርባትም እንኳ፣ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መክሯል፤ ሰውየው ሕመም የሌለበትና ጭምብል ያጠለቀ እስከሆነ ድረስ።