ፋሲል በሩን የዘጋው በማን ላይ ነው?

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣሁ አንድ የድሮ ተማሪዬ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አሁን ባንክ ነው የሚሠራው። ወሬያችን ዞሮ ዞሮ ታሪክ ላይ አረፈ። «ቲቸር፣ እኛን እኮ የጎዳን አፄ ፋሲል ነው። በሩን ዘጋ፣ ዓለምም ጥሎን ሄደ» አለኝ።

ሃያ ዓመት ታሪክ ሳስተምር ይህችን ንግግር ያልሰማሁበት ዓመት የለም። ታክሲ ውስጥ ሰምቻታለሁ፣ ለቅሶ ቤትም ሰምቻታለሁ። ይባስ ብሎ አስተማሪዎችም ይደግሟታል። ስለዚህ ልጻፈው። መጀመሪያ ግን ትናንሾቹን ስህተቶች ላንሳ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«በርበሬ ከአክሱም ዘመን ጀምሮ የኛ ነው።» አይደለም። አገሩ አሜሪካ ነው፤ ከ1492 በፊት ከዚያ ውጭ የሚያውቀው አልነበረም። በቆሎም እንደዚያው። «የባሕር ማሽላ» የሚለው ስሙ ራሱ ከየት እንደመጣ ይናገራል።

«ቫስኮ ዳ ጋማ የሕንድን ውቅያኖስ ከፈተ።» በ1498 ከምሥራቅ አፍሪካዋ ወደብ ከማሊንዲ ወደ ሕንድ ያሻገረው እዚያው ያገኘው መርከብ መሪ ነው። ነጋዴው ከሱ በፊት ከሺህ ዓመት በላይ ተመላልሶበታል።

«ይህች ማርትሬዛ የ1780 ናት።» አንዲት ጎረቤቴ የእናቷን ማርትሬዛ፣ ያን የድሮ የብር ገንዘብ፣ ይዛ ፒያሳ ወርቅ ቤት አብሬያት ሄጄ ነበር። የብሯ ፊት ተፍቆ ልሙጥ ሆኗል፤ 1780 የሚለው ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ባለ ሱቁም በዚያ ዓመት ምሎ ዋጋ ሊሰጣት ነበር። ብሯ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ ግን ያው ዓመት እንደተጻፈበት ቪየና፣ ለንደን፣ ቦምቤይ ሲመታ ኖረ። ጣሊያን እንኳ ሊወረን ሲዘጋጅ በ1935 ሮም ላይ አስመትቷል። ስለዚህ በዓመቷ አትግዙ፣ በዓመቷም አትሽጡ። አስመዝኗት፤ 28 ግራም ገደማ ልትሆን ይገባል።

አሁን ወደ ፋሲል።

በ1632 ዙፋኑን ከአባቱ ከሱስንዮስ ተረከበ፤ ኋላም ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን ከአገር አስወጣ። ይህ እውነት ነው። ምክንያትም ነበረው፦ አባቱ ካቶሊክ በመሆኑ በተነሣው ጦርነት በሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል። በሩ የተዘጋው ግን በነሱ ላይ ነው። እነሱን ለማገድም ቢሆን ጎረቤት አስፈልጎታል። ከቀይ ባሕር ወደቦች ከምጽዋና ከሱአኪን የቱርክ ገዥዎች ጋር ተስማምቶ የካቶሊክ ቄስ እንዳያሳልፉ አደረገ። ከዓለም የተቆራረጠ ንጉሥ ከቱርክ ጋር ይዋዋላል? ከየመን ኢማም ጋርም ይጻጻፍ ነበር፤ የኢማሙ መልእክተኛ በ1648 ጎንደር ገብቷል።

እኔ በጣም የምወደው ግን የዴሊውን ጉዞ ነው። በ1660ዎቹ ፋሲል ለሕንዱ ንጉሥ ለአውራንግዜብ ሁለት መልእክተኞች ላከ፤ አንዱ ሙራድ የሚባል አርመን ነጋዴ፣ ሌላው ሙስሊም ነጋዴ። ስጦታው ፈረስ፣ የዝሆን ጥርስ፣ በበሬ ቀንድ የተሞላ ዝባድና አንድ የሜዳ አህያ ነበር። ባሪያዎችም ነበሩበት፤ ይህን ዘለን ማስተማር የለብንም። የሜዳ አህያው መንገድ ላይ ሞተ። ቆዳውን ገፈው ያዙት። በሕንዷ ሱራት ወደብ ላይ ሳሉ ደግሞ የማራታ ሕዝብ የጦር መሪ የሆነው ሺቫጂ ከተማዋን ዘረፈ። ዴሊ ሲገቡ ከስጦታው በእጃቸው የቀረው ያ ባለ መስመር ቆዳ፣ ዝባዱ ያለቀበት ባዶ ቀንድና ዘራፊው ያልፈለጋቸው ጥቂት ነገሮች ነበሩ። በዚያን ጊዜ እዚያ የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም በርኒዬ ቆዳውን በዓይኑ አይቶ ጽፎታል። ይኸው ሙራድ በኋላ ሆላንዶች ዘንድ፣ ባታቪያ ድረስ ተልኳል። የዛሬዋ ጃካርታ ማለት ናት።

ይህን ስነግረው ተማሪዬ ማኪያቶው ቀዘቀዘ። «ታዲያ ይህን ለምን ክፍል ውስጥ አልነገራችሁንም?» አለ። ጥያቄው ልክ ነው፤ ለባልደረቦቼም የማስተላልፈው እሱን ነው። ሰሌዳ ላይ «ዘጋ» ብላችሁ ስትጽፉ አጠገቡ «በማን ላይ?» የሚል ጨምሩ። ካርታ ስቀሉ፣ ክር ያዙ። አንዱ ልጅ ከጎንደር እስከ የመኗ ወደብ ሞካ ይወጥረው፣ ሌላው ከሞካ ሱራት፣ ሌላው ከሱራት ዴሊ። ባታቪያ የሚደርሰው ልጅ ወንበር ላይ መቆም ያስፈልገው ይሆናል፤ ይቁም።