ባዮስ ምንድን ነው? ፕሮሰሰር ስንቀይር ኮምፒውተሩ ለምን አልነሳም ይላል?

አዲሱ ፕሮሰሰር ገባ። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱም ይበራል። ስክሪኑ ግን ጭጭ። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ይዛችሁ ሜክሲኮ ወይም ስታዲየም አካባቢ ወዳለ ሱቅ ብትገቡ፣ «ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል» የሚል ፍርድ ቶሎ ሊሰጣችሁ ይችላል። ቶሎ አትመኑ። ባዮሱ ሳይታይ ሌላ ፕሮሰሰር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ባዮስ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ቺፗን በዓይናችሁ ልታዩዋት ትችላላችሁ። ጥቁር ናት፣ ከጥፍር ታንሳለች፣ ብዙ ጊዜ በግራና በቀኝ አራት አራት እግር አላት። ብዙ ቦርዶች ላይ 128 የሚል ቁጥር ተጽፎባት ታገኛላችሁ። 128 ሜጋቢት ማለት ነው፤ ወደ ሜጋባይት ሲቀየር 16 ብቻ። የፓወር ቁልፉን ስትጫኑ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ይሄ ፕሮግራም ነው። ፕሮሰሰሩን ያዘጋጃል፣ ራሙን ይፈትሻል፣ ምስል ወደ ስክሪን የሚልከውን ግራፊክስ ካርድ ይቀሰቅሳል፣ ከዚያ ሥራውን ለዊንዶውስ ያስረክባል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ምንም ሳይመጣ የቀረ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ጋ ገና አልደረሰም። ፎርማት ማድረግ እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ባዮስ የሚያስነሳው የሚያውቀውን ፕሮሰሰር ብቻ ነው። ለኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች የተሠሩትን ቢ450 ማዘርቦርዶች እንውሰድ። የወጡት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ራይዘን 5000 የሚባሉት የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ወጡ። ሁለቱም ሶኬታቸው (ፕሮሰሰሩ ቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ) ኤኤም4 ስለሆነ ፕሮሰሰሩ ልክክ ብሎ ይገባል። ቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ ግን የ2018ቱ ከሆነ፣ ያን ፕሮሰሰር እንዴት እንደሚያስነሳ የተጻፈለት ነገር የለም። ፋኑ ይዞራል፣ ሌላው ሁሉ ዝም ይላል። ፕሮሰሰሩ ደህና ነው፣ ቦርዱም ደህና ነው። የጎደለው አፕዴት ነው።

ሶኬቱ ገጥሞ አፕዴትም የማያድነው ጊዜ አለ። የኢንቴል 6ኛ፣ 7ኛና 8ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ሁሉም 1151 በሚባለው ሶኬት ላይ ይቀመጣሉ። 8ኛው ትውልድ ግን የተሠራው «300 ሲሪየስ» ለሚባሉት ቦርዶች ነው። ለ6ኛው በወጣ ቦርድ ላይ ብታስቀምጡት አይነሳም፤ የቦርዱ አምራችም ባዮስ አላወጣለትም። ስለዚህ «ገብቷል» ማለት «ይሠራል» ማለት አይደለም። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ማዘርቦርዱ ላይ የታተመውን ሞዴል ከነቨርዥኑ አንብቡ። ከዚያ የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ የሚደግፋቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ክፈቱ። ከየፕሮሰሰሩ ጎን ስንተኛው ባዮስ እንደሚያስፈልገው ተጽፏል። ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ዴሎችና ኤችፒዎች ላይ ደግሞ ይበልጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእነሱ ባዮስ የሚመጣው ከዴል ወይም ከኤችፒ ብቻ ነው። ጓደኛችሁ ሌላ ቦርድ ላይ ስለሠራለት ብቻ እናንተ ጋ ይሠራል ማለት አይደለም።

ባዮሱን ከመንካታችሁ በፊት ቀላል ቀላሉን ጨርሱ። ፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካው ባለ 4 ወይም ባለ 8 ቀዳዳ የፓወር ገመድ ፋኑ ሲነሳ ተረስቶ ይሆናል። ራሙን አንድ ብቻ አስቀርታችሁ ሞክሩ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ አውጥታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ መልሱ፤ የድሮው ሴቲንግ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ዋናው የመብራት ገመድ ከግድግዳው ይነቀል። ሌላም አለ። ራይዘን 5 5600 የራሱ ግራፊክስ የለውም፣ 5600ጂ ግን አለው። ኢንቴል ላይም ስማቸው መጨረሻ ላይ ኤፍ ያለባቸው የላቸውም። የቀድሞው ፕሮሰሰራችሁ ግራፊክስ ኖሮት የስክሪኑን ገመድ (ኤችዲኤምአይ) ቦርዱ ላይ ትሰኩ ከነበረ፣ አሁን ግራፊክስ ካርድ ከሌላችሁ ስክሪኑ ምንም አያሳይም። ኮምፒውተሩ ተነስቶ ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ግን አታዩትም።

ባዮስ ለማደስ ጥሩው ጊዜ የድሮው ፕሮሰሰር ገና ሳይነቀል ነው። ኮምፒውተሩ እየሠራ ፋይሉን ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ከባዮሱ ውስጥ ትጭናላችሁ። ከነቀላችሁ በኋላ ከሆነ ያስታወሳችሁት፣ የድሮውን መልሱትና አድሱ። የድሮው ተሽጦ ከሆነ፣ አንዳንድ ቦርዶች ከኋላ ለዚሁ የተሠራች ቁልፍ አላቸው። ፕሮሰሰር ባይኖርም እንኳ ከፍላሽ ያነባሉ። ፍላሹ በፋት 32 (FAT32) ፎርማት የተደረገ ይሁን፤ የፋይሉ ስም ደግሞ መመሪያው እንደሚለው ይለወጥ።

መብራት ግን! ባዮስ እየተጻፈ መብራት ከሄደ ቺፗ ግማሽ ተጽፋ ትቀራለች፣ ቦርዱም ላይነሳ ይችላል። ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) አትጀምሩ። ሰፈራችሁ መብራት የሚመላለስበት ከሆነ ዩፒኤስ ያለው ሱቅ ሄዳችሁ አሠሩ። ስትሄዱም ፕሮሰሰሩን ብቻ በኪስ ይዛችሁ አትሂዱ። ሙሉ ኮምፒውተሩን ውሰዱና «በድሮ ፕሮሰሰር አስነስታችሁ ባዮሱን አድሱልኝ» በሉ።

ቺፗ ተበላሽታ ቢሆንም ቦርዱ አይጣልም። ፕሮግራመር የሚባለው ቺፕ ላይ መጻፊያ መሣሪያ ያለው ጠጋኝ እግሮቿን በመቆንጠጫ ይዞ ባዮሱን በቀጥታ ይጽፍላታል፣ ካልሆነም ይቀይራታል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፤ አዲሱን ከመጻፉ በፊት ውስጧ ያለውን ኮፒ አድርጎ ያስቀምጥ። በተለይ ዴልና ኤችፒ ላይ የማሽኑ ሴሪያል ቁጥር እዚያው ቺፕ ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ከተደመሰሰ ደግሞ መልሶ ማስገባቱ ሌላ ሥራ ነው።