መምህር ለመሆን ላሰባችሁ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ኮተቤ፣ ካራና የካ አባዶ አካባቢ ስለ መምህርነት የማይባል ነገር የለም። ወላጅ ይመክራል፣ ጎረቤት ይመክራል፣ ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ሳይቀር ይመክራል። እኔም አስተማሪ ስለሆንኩ ብዙ ልጆች ይጠይቁኛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«ውጤት ያልመጣለት ነው መምህር የሚሆነው»

ይህ ወሬ መነሻ አለው። «10+3» (ከ10ኛ ክፍል በኋላ የሦስት ዓመት የኮሌጅ ሥልጠና) በሚባልበት ዘመን፣ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈትነው መሰናዶ የሚያስገባ ነጥብ ያላመጡ ብዙ ልጆች ወደ መምህራን ኮሌጅ ይገቡ ነበር። ወደውት የገቡም ነበሩ፤ ስሙ ግን ለሁሉም ተረፈ። ያ ፈተና ዛሬ የለም። ለሁለተኛ ደረጃ ማስተማር የሚፈልግ የሌላ መስክ ምሩቅም ከዲግሪው በኋላ ፒጂዲቲ የሚባለውን የማስተማር ሥልጠና ይወስዳል። እዚሁ አጠገባችን ያለው፣ በ1959 እ.ኤ.አ. መምህራን ማሠልጠን የጀመረው የኮተቤ ኮሌጅም አድጎ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

«ትምህርቱን የቻለ ማስተማር አያቅተውም»

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ጎበዝ የሒሳብ ምሩቅ «ዲግሪ እያለኝ ደግሞ ምን ልማር?» ይላል።

እስቲ የአንዲት ልጅ ደብተር እንይ። 42 ሲቀነስ 17 ይላል ጥያቄው። ልጅቷ 35 ብላ ጽፋለች። ሒሳብ የሚችል ሰው ኤክስ አድርጎ ያልፋል። ማስተማር የተማረ ሰው ግን ቆም ብሎ 35 ከየት እንደመጣ ያስባል። ልጅቷ 2 ከ7 እንደሚያንስ ስታይ ገልብጣ ከ7 ላይ 2 ቀነሰች፤ 5 አገኘች። ከ4 ላይ 1 ቀነሰች፤ 3። ሰነፍ አይደለችም። «ሁልጊዜ ከትልቁ ላይ ትንሹ ይቀነሳል» የሚል ሕግ ለራሷ አውጥታ እሱን በትክክል ተከትላለች። ሃያ ጊዜ ኤክስ ብታደርጉባት ሃያ ጊዜ ትደግመዋለች።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማወቅን ግን ይጠይቃል። ትንንሽ እንጨቶችን አስር አስር አድርጋችሁ በላስቲክ እሰሩ። አራት እስርና ሁለት ነጠላ ስጧትና 17 አንሺ በሏት። ሁለቱ ነጠላ ለሰባት እንደማይበቁ ስታይ አንዱን እስር ራሷ ትፈታዋለች። መበደር የሚባለው ነገር ያኔ ይገባታል።

እንዲህ ያለ ዓይን ከዲግሪ ጋር አብሮ አይመጣም። ክፍል ውስጥ፣ ልምድ ያለው ሰው እያየ እያረመ ነው የሚዳብረው። ስለዚህ ኮርስ ስትመርጡ መጀመሪያ የልምምድ ማስተማሩን ጠይቁ። ትምህርት ቤት ለስንት ሳምንት ነው የምንወጣው? ሳስተምር ማን ተቀምጦ ያየኛል? ካየኝ በኋላ ስለ አስተማርኩት ያወያየኛል ወይስ ፈርሞ ይሄዳል? እዚህ ላይ መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ቦታ ፈልጉ። የሕንፃው ማማር አያታልላችሁ።

«ለኬጂማ ማን ያቅተዋል»

ብዙ ሰው ያቅተዋል። ልጁ ሀ ሁን ከመጻፉ በፊት ጣቶቹ ጭቃ እያድቦለቦሉ፣ ዶቃ እየሰኩ መጠንከር አለባቸው። በሬ፣ በግ፣ በቆሎ በአንድ ድምፅ እንደሚጀምሩም ጆሮው መለየት አለበት። ይህን በጨዋታ ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

«የትም ተማር፣ ወረቀቱ አንድ ነው»

አይደለም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው ለየካምፓሱና ለየትምህርት መስኩ ነው። መሃል ከተማ ያለው ካምፓስ ፈቃድ አለው ማለት አያት ወይም ጀሞ ፎቅ ላይ የተከፈተው ቅርንጫፍ አለው ማለት አይደለም። ከመክፈላችሁ በፊት አጣሩ።

እኛ ዳር ላይ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ የቋንቋ ነገር አለ። አንድ መንገድ ስትሻገሩ ለገጣፎ ወይም ቡራዩ ትገባላችሁ፤ እዚያ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት በዋናነት በአፋን ኦሮሞ ነው። አዲስ አበባ ውስጥም በአማርኛ የሚያስተምሩ አሉ፣ በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩም አሉ። በየትኛው ቋንቋ እንደምታስተምሩ ከመመዝገባችሁ በፊት ወስኑ። ልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚስባችሁ ካላችሁ በዘርፉ የሚያሠለጥን ኮሌጅ ሰበታ አለ፤ ከዚህ ሩቅ አይደለም።

«ከተመረቅኩ አለቀ»

የሙያ ፈቃድ ምዘና ይጠብቃችኋል፤ ፈተናም ማህደረ ተግባርም (የሠራችሁትን የሚያሳይ የማስረጃ ስብስብ) አለው። እኛ ተሙማ የምንለው ተከታታይ ሙያ ማሻሻያም በዓመት 60 ሰዓት ይጠይቃል። ከጀማሪ መምህርነት እስከ ከፍተኛ መሪ መምህርነት የሚያደርስ የእድገት መሰላል አለ፤ በየደረጃው ትመዘናላችሁ።

«ደመወዙ አያኖርም»

ይሄኛውን ስህተት ነው ልላችሁ አልችልም። ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ በጀማሪ መምህር ደመወዝ መኖር ከባድ ነው። ብዙ ባልደረቦቼ ከክፍል በኋላ ቤት ለቤት እየዞሩ ያስጠናሉ። ሙያውን ብወደውም ይህን ደብቄ ማንንም አላስገባም። አሁን እያስተማረ ያለ ጀማሪ ፈልጋችሁ በወር እጁ ላይ ስንት እንደሚደርሰው ጠይቁት። የቤት ኪራዩንና የታክሲውን ቀንሱለት። ከዚያ ቤተሰባችሁን አማክራችሁ ወስኑ።