«ጀርሙ በረኪናውን ለምዶታል»

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ቆሜ የገዛሁት ዓሣ፣ ቆሮሶዬ፣ እስኪገፈፍልኝ እየጠበቅኩ ነበር። ልጁ የእንጨት መክተፊያው ላይ ቅርፊትና ደም እንዳለ በረኪና ቸለሰበት። ሽታው ንቅንቅ አላለም። «ጋሼ፣ ጀርሙ ለምዶታል እኮ» አለኝ። ይቺን አባባል ብዙ ቤት ሰምቻታለሁ፤ ከነጓደኞቿ ላንሳት።

«ለምዶታል።» ኧረ ጭራሽ አልደረሰበትም! በረኪና ጀርምን ከደምና ከስብ አይለይም። ያገኘውን ሁሉ ሲያጠቃ ጉልበቱን ይጨርሳል። መጀመሪያ በሳሙና ፈትጎ ማጠብ፣ ከዚያ በረኪና፣ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ መታገስ። ጠርሙሱ ፀሐይ ላይ ሲውል ከከረመ ደግሞ ውስጡ ያለው ወደ ጨው ውሃነት እየተጠጋ ነው።

«ሎሚ ጨመቅ አድርግበት» አለች ከጎኑ የተቀመጠችው። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። በረኪና ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። ሎሚው ለዓሣው፣ በረኪናው ለመክተፊያው።

«99.9 በመቶ ገደለ ማለት ጨረሰ ማለት ነው።» ከ1 ሚሊዮን 1,000 ይተርፋል።

«ታዲያ መላመድ የሚባለው ወሬ ነው።» አይደለም። በረኪና በአንዴ ብዙ ቦታ ስለሚመታ እሱን መላመድ ይከብዳል። እነ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ግን ሌላ ናቸው፤ የብዙ ወለልና ጠረጴዛ ማጽጃ ጠርሙስ ላይ ስማቸው አለ። ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላላቸው የባክቴሪያው ሽፋን ላይ ተለጥፈው ይቀድዱታል። አንዳንዱ ባክቴሪያ ግን ፓምፕ አለው። ጀልባው ውሃ ሲያስገባበት በጣሳ እየቀዳ እንደሚደፋ ዓሣ አጥማጅ፣ የገባበትን መልሶ ይተፋል። ፓምፑ የሚሠራበትን ጂን፣ ማለትም የዘር መመሪያ፣ ለጎረቤቱም ያቀብላል። አንዳንዱ ፓምፕ አንቲባዮቲክም ይተፋል። «ይብቃቃ» ብለን ማጽጃውን በውሃ ስናቀጥነው የምናተርፈው እነዚህኑ ነው።

«ይህን ፓምፕ ለማሸነፍ የሚሠራው አዲሱ ኬሚካል የባሰ መርዝ ነው።» ዋናው ሐሳብ ማክረር ሳይሆን ፓምፑን ማታለል ነው። አሜሪካ ውስጥ በኤመሪና በቪላኖቫ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ኬሚስቶች በአንድ ሞለኪውል ላይ ብዙ ቻርጅ እየደረደሩ ሞክረዋል። በነባሮቹ ውስጥ ቻርጁን የሚሸከመው ናይትሮጅን ነው፤ በእሱ ቦታ ፎስፎረስ የተኩበትም አለ። ፓምፑ እንዲህ ያለውን እንግዳ አጥብቆ መያዝ ይቸግረዋል።

መግደሉ ብቻ ግን አይበቃም። የሰው ቆዳ መቻል አለበት። ሥራውን ሲጨርስም መፈራረስ አለበት፤ ነባሮቹ ውሃ ውስጥ ከገቡ ለዓሣም መርዝ ናቸው።

ልጁ ቆሮሶዬን በፌስታል አቀበለኝ። መክተፊያውን በሳሙና ፈተገና የባልዲውን እጣቢ ወደ ጣና ደፋው።