የፕሮፔለር ዋሻ ምንድን ነው?

ትንሽ ጠፍጣፋ የዓሣ ጀልባ ሁለት ሰው ጭና ብትቆም፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይበቃታል። ችግሩ ከኋላዋ የተንጠለጠለው ሞተር ነው። የሞተሩ እግር ከጀልባዋ ሆድ በታች 35 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወርዳል። ጀልባዋ ማለፍ ትችላለች፤ እግሩ ጫፍ ላይ እየተሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋው ክንፍ፣ ማለትም ፕሮፔለሩ፣ ግን ጭቃውን ያርሳል።

የፕሮፔለር ዋሻ የሚባለው ለዚህ ችግር የተበጀ መላ ነው። ጀልባው ሆድ ላይ፣ መሃል ለመሃል፣ ከኋላው ግድግዳ አንድ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ቀደም ብሎ የሚጀምር ጎድጓዳ ቦይ ይወጣል። ቦዩ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ቀስ እያለ ወደ ላይ ይጠልቃል። ከታችና ከኋላ ክፍት ነው። ጀልባው ሲሄድ ውሃው በዚህ ቦይ ይገባና ጣሪያውን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። ፕሮፔለሩ ውሃ የሚያገኘው ከፍ ብሎ ስለሆነ፣ ሞተሩም በዚያው ልክ ከፍ ብሎ ይታሰራል። አሥር፣ አንዳንዴ አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ይተርፋል ማለት ነው። ለዓሣ አጥማጅ ይህ ብዙ ነው።

ውሃ እንዴት ሽቅብ ይወጣል? ሳፋ ውስጥ ብርጭቆ አስጥማችሁ፣ በውሃ እንደተሞላ ገልብጣችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱት። አፉ ከውሃው እስካልወጣ ድረስ በውስጡ ያለው ውሃ ከሳፋው በላይ ከፍ ብሎ ይቆያል። አፉ ትንሽ ብቅ ካለ ግን አየር ይገባል፣ ውሃውም ዱብ ይላል። ዋሻውም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። አየር እስካልገባበት ድረስ ውሃው ጣሪያውን ይዞ ይሄዳል። አየር ከገባ ፕሮፔለሩ ባዶ ይሽከረከራል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው አይሄድም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ቶርኒክሮፍትና ያሮው የተባሉት የእንግሊዝ መርከብ ሠሪዎች ለወንዝ የሚሆኑ መርከቦችን በዚህ ዘዴ ይሠሩ ነበር። ቶርኒክሮፍት ከሠራቸው አንዷ መሊክ ናት። ወደ 44 ሜትር ትረዝማለች፤ ሁለት ፕሮፔለሮቿ በዋሻ ውስጥ ስለነበሩ የሚበቃት ውሃ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። በ1898 (እ.ኤ.አ.) ሱዳን ውስጥ በተደረገው የኦምዱርማን ጦርነት ተሳትፋለች። ከዚያ በኋላ ካርቱም ላይ፣ ከጣና ወጥቶ በሚመጣው በእኛው ዓባይ ዳር፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት የጀልባ ክለብ ቤት ሆና ኖራለች።

ዛሬ ይህ ነገር ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ላጉና ማድሬ በሚባለው የባሕር ሐይቅ ላይ ነው። ከፓድሬ ደሴት ጀርባ ተከልሎ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይዘረጋል። አማካይ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሬድፊሽ የሚባለው ዓሣ ደግሞ ምግቡን የሚለቅመው ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ነው። ዓሣው እዚያ ከሆነ አጥማጁም እዚያ መድረስ አለበት። ስለዚህ የአካባቢው ጀልባ ሠሪዎች ዋሻውን ከፋብሪካው ጀምረው ያወጡታል።

ያለ ዋሻ የተሠራ ጀልባ ላይ መጨመርስ? ይቻላል። ግን ቀላል ሥራ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። የምትቆርጡት ጀልባው ብዙ ጉልበት የሚሸከምበትን ቦታ ነው። ሞተሩ የሚገፋው የኋላ ግድግዳ ይነካል። ከውስጥ ሆዱን ይዞ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው መሃለኛ ተሸካሚም አብዛኛውን ጊዜ ይቆረጣል፤ በሌላ መተካት አለበት። ፋይበርግላስ ከሆነ ዋሻው ለብቻው ይሠራና ከውጭም ከውስጥም በፋይበርግላስ ጨርቅና ሬዚን በሚባለው ማጣበቂያ ተደራርቦ ይያያዛል። አሉሚኒየም ከሆነ የጥሩ በያጅ ሥራ ነው። ውሃ የምታፈሰው የታችኛዋ ቡሽም መሃል ላይ ስለምትገኝ ቦታ ትቀይራለች። ይቺን ረስቶ ዋሻውን የጨረሰ ሰው ጀልባውን በባልዲ ሲቀዳ ይኖራል።

ዋሻው ቦታም ይበላል። 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 1.2 ሜትር ርዝመት ያለውና ከዜሮ ተነስቶ 10 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ዋሻ እናስብ። ሲሰላ 24 ሊትር ይሆናል። ጀልባው በቆመበት 24 ኪሎ የመሸከም አቅም ከኋላው አጣ ማለት ነው። ትልቅ ቁጥር አይመስልም። ነገር ግን ሞተሩ፣ ባትሪው፣ ነዳጁና ሹፌሩ ሁሉም የሚከማቹት እዚያው ኋላ ነው። በሩጫ ጊዜ ደግሞ ጀልባውን ወደ ላይ የሚያነሳው ጠፍጣፋ ሆድ ከኋላ ይቀንሳል። ኋላው ይሰምጣል፣ አፍንጫው ሰማይ ያያል፣ ፍጥነትም ይቀንሳል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን ሌላ ነገር ላይ ነው። «ጀልባዬ በ15 ሴንቲ ሜትር ውሃ ትሮጣለች» ሲባል እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሚሠራው ግን ከተነሳች በኋላ ነው። ከቆመችበት ተነስታ ውሃው ላይ መንሸራተት እስክትጀምር ኋላዋ ስለሚሰምጥ የዚያን እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ጥልቀት ትፈልጋለች። ስስ ውሃ መሃል ሞተሩ ከጠፋ ወርዶ መግፋት ነው። ዋሻ የሚያነሳው ፕሮፔለሩን እንጂ ጀልባዋን አይደለም።

ሞተሩ ራሱም ጣጣ አለው። የሚቀዘቅዘው ከእግሩ ጎን በሚስበው ውሃ ነው። ከፍ ሲል መሳቢያው ቀዳዳ አየር መጠጣት ይጀምራል። ስለዚህ ከሞተሩ ጎን የምትፈሰውን ቀጭን የውሃ ክር ማየት ልማድ መሆን አለበት፤ ከሳሳች ሞተሩ እየጋለ ነው። ውሃውን ዝቅ ብሎ የሚስብ የሞተር እግርም አለ። ፕሮፔለሩም ቢሆን ጫፉ ጎበጥ ያለ፣ ብዙ ጊዜ አራት ክንፍ ያለው ቢሆን አየር ሲቀላቀል ቶሎ አይለቅም። ኃይለኛ መታጠፍ ላይ ውሃው ከዋሻው ወደ ጎን ስለሚያመልጥ ቀስ ብሎ መዞር ነው። ወደ ኋላ መሄድ ሲሆን ጉልበቱ ደካማ ነው፤ ፕሮፔለሩ የሚገፋው ውሃ እዚያው ግድግዳው ላይ ይላተማል።

እኔ ብሆን መጋዝ ከማንሳቴ በፊት ጃክ ፕሌት እሞክር ነበር። ሞተሩን ከግድግዳው ትንሽ ወደ ኋላ አርቆ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ብረት ነው። ከጀልባው ኋላ የሚወጣው ውሃ ወዲያው ከፍ ስለሚል ጥቂት ሴንቲ ሜትር በነፃ ይገኛል። በሁለት በሁለት ሴንቲ ሜትር እያነሱ መሞከር ነው። ያ ካልበቃ ያኔ ስለ ዋሻ ይታሰባል።

ዋሻ አለኝ ብሎ ሁሉ ቦታ መግባትም አይቻልም። ፕሮፔለር የባሕር ሣር ሲነቅል የሚተወው ጠባሳ ለዓመታት አይሽርም፤ ያ ሣር ደግሞ የዓሣው ማደጊያ ነው። ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቴክሳስ የባሕር ዳርቻ በፕሮፔለር ሣር መንቀል እስከ 500 ዶላር ያስቀጣል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ዝዋይ ሐይቅ አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ ስለሆነ ዳር ዳሩ ላይ ሐሳቡ ያስጎመጃል። ጣና ላይ ግን የሞተር ጀልባን የሚያስቸግረው አንዱ ነገር እምቦጭ ነው፤ ለእምቦጭ ዋሻ መድኃኒት አይሆንም። ፕሮፔለር ላይ የተጠመጠመ አረም ሞተሩን አንስቶ ይላቀቃል። ዋሻው ውስጥ የተጎሰጎሰውን ለማውጣት ግን ክንድን ከጀልባው ሥር መስደድ ሊያስፈልግ ይችላል።